ለየኔአለም ሦስት ምክንያቶች

መካነ ሰላም፣ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ፣ ለምኮራብሽ፣ አልፎ አልፎም ለምፈራሽ ለእህቴ ልጅ ለየኔአለም፤

እንደምን ከርመሻል? የሪያድ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኛ እዚህ ጠዋት ጠዋት በብርድ ጥርሳችንን እናንቀጫቅጫለን፤ የእኔ የቀሩት ጥቂት ስለሆኑ እንደ ሰው ድምፅ እንኳ አያወጡም። ባለፈው ወር አንዱ ወልቋል፤ የቀሩት ተራቸውን እየጠበቁ ነው። ሬዲዮ መጠገኑንም አልተውኩም። የሚያዳምጥ ሰው እየጠፋ ቢሄድም የሚያበላሽ አልጠፋም። አሁን እኛም በዐቢይ ጾም፣ እነሼህ ጀብሪልም በሮመዳን ላይ ስለሆንን አገሩ ሁሉ ተርቦ፣ ተኮራርፎ ተቀምጧል።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አስያዘህ ትይኝ ይሆናል። ኔትወርኩ አንድ ቀን ይመጣና ሳምንት ይጠፋል። ሲመጣም የቤታችሁ ስልክ ወንድምሽ እንዳልካቸው ኪስ ውስጥ ነው፤ የሚላከውን ሁሉ እሱ ከፍቶት፣ ጎረቤት ከቦት ነው የሚሰማው። ይሄ ደግሞ እሱ እንዲሰማው የማልፈልገው ነገር ነው። ስለዚህ የጎረቤታችሁ ልጅ ራሄል ዕረፍቷን ጨርሳ ወደዚያው ስለምትመለስ ለእሷ ሰጠኋት። ሻንጣዋን በበርበሬና በሽሮ ሞልታ «ለወረቀት ቦታ የለኝም» ስትለኝ፣ «በርበሬው ውስጥ ቅበሪው፤ የምታነበው ሰው ማልቀሷ ካልቀረ ሰበብ ይሁናት» አልኳት።

ነገሩ የአወቀ ነገር ነው።

ታላቅ ወንድምሽ በውሃ ተራ ተጣልቶ በአበጋዝ እጅ ከሞተ ዓመት አለፈ። ሙት ዓመቱን አውጥተን ትንሽ እንደቆየን ሽማግሌዎቹ ለዕርቅ መጡ። ያን ቀን የሆነውን እንዳልካቸው በስልክ እንደነገረሽ አውቃለሁ። የነገረሽ ግን እንዳሸነፍሽ ነው። የቀረውን እኔ ልንገርሽ።

ሼህ ጀብሪል ከፊት፣ መምሬ መስቀላቸውን ይዘው ከጎናቸው ሆነው መጡ። ከኋላቸው የአበጋዝ እናት እማማ የሻለም ድንጋይ በማጅራታቸው ተሸክመው ነበር። ታናሹ ልጃቸው መኳንንት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይከተላቸዋል። ከአጥሩ በር ሳያልፉ መሬት ላይ ተቀመጡ። እንደ ወጉ፣ ልመናቸው እስኪሰማ ድረስ ውሃ እንኳ አይቀምሱም። አንቺም ልጅ ሆነሽ አይተሻል፤ የሽማግሌ ሙያ ወሬ አይደለም። ጉልበትሽን ይይዛሉ፤ የሞተ አባትሽን ስም ይጠራሉ፤ ያለቅሳሉ፤ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አንቺ እስክትደክሚ ይጠብቃሉ። ሼህ ጀብሪል ወረኢሉ አካባቢ አንዱን እምቢተኛ ደጁ ላይ እንዲህ ተቀምጠውበት፣ ሰውዬው ጎንበስ ብሎ በጓሮ ሊወጣ ሲል ጓሮውም በሽማግሌ ተሞልቶ አገኘው ይባላል። እዚያው ታረቀ።

እንዳልካቸው ጉልበቱን ከመያዛቸው በፊት ብድግ አለና ከደረት ኪሱ ወረቀት አወጣ። በስልክ ፎቶ አንስተሽ የላክሽውን ደብዳቤ ከተማ ወጥቶ አሳትሞት ነበር። «ቤቱን የምታኖረው እህቴ ናት። ታላቃችንም አሁን እሷ ናት። ቃሏን ስሙ» አለ። ሴት በደም ሽምግልና ላይ ስትናገር አይተን አናውቅም፤ ግን ወረቀቱ ወንድ ነው ሴት ነው የሚል አልተገኘም። ተደመጠ።

ጽሑፍሽ ግሩም ነበር፤ ሳላሾፍ ነው የምነግርሽ። አሥረኛ ክፍል ሳለሽ «ከከተማና ከገጠር የቱ ይሻላል» ብላችሁ ስትከራከሩ በመስኮት በኩል ቆሜ ሳበሽቅሽ፣ እኔን ዞር ብለሽ ሳታዪ ተቃዋሚሽን እንዴት እንዳስቀመጥሽው ትዝ ይለኛል። ያኔ አስተማሪያችሁ የሰጣችሁን ትምህርት እኔም ከደብተርሽ ሰርቄ ተምሬያለሁ። አቋምህን ፊት ለፊት ተናገር። ምክንያትህን አስረዳ። ተቃራኒህ የሚለውን አስቀድመህ አንስተህ መልስለት። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ላይ ስለነበር ዓረፍተ ነገሩን ሁልጊዜ ከመሃል ተቀዶ ነበር የማገኘው። ወግ ጀምሬ የማልጨርሰው ምናልባት ለዚህ ይሆናል። አንቺ ግን ትጨርሻለሽ።

ሦስት ምክንያት ነበር የጻፍሽው። አንደኛ፣ አበጋዝ ፍርድ ቤት ቀርቦ «አወቀ ቀድሞ ዶማ አነሳብኝ» ብሏል፤ ይሄ ውሸት ሳይነሳ ብንታረቅ ወንድማችንን ሁለተኛ እንገድለዋለን አልሽ። ሁለተኛ፣ የደም ዋጋ ተቀብለን የእናታችንን ልጅ አንሸጥም አልሽ። ሦስተኛ፣ የአወቀ ልጅ ስመኝ አድጋ «ለአባቴ ምን አደረጋችሁለት?» ብላ ስትጠይቅ ምን ብለን እንመልስላታለን አልሽ። እንዳልካቸው ሦስተኛውን ሲያነብ የአወቀ ሚስት ሰርካለም ጓዳ ውስጥ ሆና ስታለቅስ እስከ ውጭ ተሰማ። መምሬ አንገታቸውን ደፉ።

ሼህ ጀብሪል ግን ወረቀቱን አዩት፣ አዩት። ከዚያ፣ «የኔአለም ራሷ እዚህ ቆማ ቢሆን ጉልበቷን ይዤ እለምናት ነበር። ወረቀትን እንዴት አድርጌ ልለምን?» አሉ።

ተነሡ። እማማ የሻለም ድንጋዩ ከብዷቸው ለመነሣት ሲቸገሩ ከእኛ ወገን እጁን የዘረጋ የለም፤ መኳንንት ነው ብብታቸውን ይዞ ያነሣቸው። እኔ የሆነ ቀልድ ጣል አደረግሁ። ምን እንደነበር እንኳ አላስታውሰውም። ማንም አልሳቀም።

እንግዲህ እንዳስተማርሽኝ አቋሜን ፊት ለፊት ልናገር። መታረቅ አለብን።

«እግዚአብሔር ይቅር በሉ ብሏል» ብዬ አልጀምርልሽም። እውነት ነው፤ ግን ያንን ከመምሬ ሰምተሽዋል፣ አልሠራም። እኔ ደግሞ በእግዚአብሔር ስም ስናገር እናትሽ ራሷ ትስቃለች። ወደ ምክንያቶችሽ ልምጣ። ሦስቱም እውነት ናቸው። አንዱንም አላፈርስም፤ አንድ በአንድ ግን መልስ ፈልጌላቸዋለሁ።

ስለ ውሸቱ ሼህ ጀብሪል ቤት ድረስ ሄጄ፣ «የእህቴ ልጅ ያለችውን ካላስተካከላችሁ እኔም ከእሷ ጋር ነኝ» አልኳቸው። ወደ እነአበጋዝ ሰው ላኩ። በዕርቁ ቀን እማማ የሻለም በአገሩ ሰው ፊት ቆመው «አወቀ ዶማ አላነሳም፤ በባዶ እጁ ቦይ ሲጠርግ ነው ልጄ የመታው» ሊሉ ቃል ሰጥተዋል። ስለ ልጃቸው ይህን የሚናገሩ እናት ናቸው፣ የኔአለም። ፍርድ ቤት ያላወጣውን እውነት ሊያወጣልሽ የሚችለው ዕርቁ ብቻ ነው። ዕርቁ ከቀረ ውሸቱ ጸንቶ ይኖራል።

ስለ ደም ዋጋው፣ እናትሽም አትቀበልም፣ አልተቀበለችምም። ሽማግሌዎቹ ሌላ ነገር አምጥተዋል። ስመኝ እስክታድግ ድረስ መኳንንት የአወቀን ማሳ በገዛ በሬዎቹ ሊያርስ፣ አዝመራውን ሰርካለም ልትሰበስብ። ይሄ መሸጥ ነው ካልሽኝ እሰማሻለሁ። ሰርካለም ግን ማሳው ጦሙን ሲያድር በየቀኑ በበሯ ታየዋለች፤ አንቺ አታዪውም።

ስለ ስመኝ ብዙ አስቤያለሁ፤ ይሄኛው ነው ያስቸገረኝ። አንድ ቀን መጠየቋ አይቀርም፣ እኛም አንገታችንን ደፍተን እንመልስላታለን። ግን አጎቷ እንዳልካቸው ሰው ገድሎ ከታሰረ ወይም ከሞተ የምትጠይቀው ስለ ሁለት ሰው ነው። ያኔ የሚመልስላት ወንድ በቤቱ አይኖርም። እኔ እስከዚያ ከቆየሁ ደግሞ እኔን ጠይቃ ምን እንደምታገኝ አንቺ ታውቂያለሽ።

አሁን ወደ ተውሽው ነገር ልምጣ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። አወቀ በየመስመሩ አለ። እናትሽ አለች፣ ስመኝ አለች፣ አባትሽም ነፍሱን ይማረውና አለ። እንዳልካቸው የለም። ቆሞ ያነበበው እሱ ነው። ሌላው ሁሉ ሰምቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ ደብዳቤውን ኪሱ ከትቶ የቀረውም እሱ ነው። አንቺ «አንታረቅም» ብለሽ ጻፍሽ። ካልታረቅን ምን እንደምናደርግ ግን አልጻፍሽም። ያን ባዶ ቦታ አገሩ ሞላልሽ።

አገሩን ታውቂዋለሽ። አበጋዝ ማረሚያ ቤት ገብቷል፤ እሱን የሚያገኘው የለም። ስለዚህ ዓይኑ ሁሉ መኳንንት ላይ ነው። አወቀ በሞተበት ቀን መኳንንት አጅባር ገበያ በግ ሊሸጥ ሄዶ ነበር፤ መሞቱንም የሰማው እኛ ቀብረን ከተመለስን በኋላ ነው። ይሄ ለማንም ምክንያት አይሆንም። ወንድምሽ ሐዘን ከገባ ጀምሮ ጸጉሩን አልተቆረጠም። ጠላ ቤት ገብቶ ሲቀመጥ «ይሄ ጸጉር መቼ ነው የሚቆረጠው?» ይሉታል፣ እንደ ቀልድ። እኔ የቀልድ ሰው ነኝ፤ ቀልድና ሌላውን ነገር ለይቼ አውቃለሁ። መልስ ሲያጣ ደረት ኪሱን ይነካል።

እናትሽ «የኔአለም ያለችው ነው» ትላለች፤ ሌላ ቃል የላትም። ግን ጫማውን ትደብቃለች። ጎታ ውስጥ፣ ከእንጨት ክምር ሥር፣ አንዴም በድስት ከድና አገኘሁት። ያን የሚያህል ልጅ እንደ ዶሮ እንቁላል ጫማውን በየጥጉ ሲፈልግ ያረፍዳል። ሁለታቸውም ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አንስተው አይነጋገሩም። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ስቄ ነበር።

እኔም የበኩሌን ተንኮል ሠርቻለሁ። የጥምቀት ሰሞን ቤታችሁ ሰው ባልነበረበት ቀን የአባትሽን ጠመንጃ ከግድግዳ አውርጄ መምቻውን መርፌ አወለቅሁበት። ሬዲዮ ፈትቶ የሚገጥም ሰው ጠመንጃ አያቅተውም። ያለዚያች ትንሽ ብረት ጠመንጃ ምርኩዝ ነው። እንደነበረ ገጥሜ ሰቀልኩትና ራሴን እያደነቅሁ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በዕድሜዬ ከሠራሁት ተንኮል ሁሉ ይሄኛው ደስ ብሎኝ ነበር።

ሽማግሌዎቹ በባዶ እጃቸው ከተመለሱ በኋላ በአንዱ ሐሙስ ረፋዱ ላይ እንዳልካቸው ወደ ሱቄ መጣ። ባዶ እግሩን ነበር፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነክቶታል። በርጩማው ላይ ተቀመጠና የፈታሁትን ሬዲዮ ሲያይ ቆየ። ከዚያ፣

«ጋሼ፣ መርፌውን መልስልኝ» አለኝ።

«የቱን መርፌ?» አልኩት።

«የጠመንጃውን።»

ሳቅሁ። በሰፈሩ ከእኔ ሌላ እንዲህ ፈትቶ የሚገጥም ስለሌለ፣ በተንኮሌ የተያዝኩ መስሎኝ ነው የሳቅሁት። ቀጥሎ ነው የገባኝ። ወንድምሽ ጠመንጃ ፈትቶ መወልወል አያውቅም፤ አባትሽ ሳያስተምረው ነው የሞተው። ያቺ መርፌ መጉደሏን ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ አንድ ብቻ ነው። አልሞ፣ ቃታውን ስቦ፣ ሳይጮህ ሲቀርበት ነው። የኔአለም፣ ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ። የት ነበርክ ብዬ አልጠየቅኩትም። መኳንንት ያን ጠዋት ታች ቦዩ ዳር ብቻውን ሽንኩርት ሲኮተኩት እንደነበር በኋላ ሰማሁ። ደህና ነው። ምንም አላየም፣ ምንም አልሰማም፤ ዛሬም አያውቅም። የምናውቀው እንዳልካቸውና እኔ ነበርን፤ አሁን አንቺ ሦስተኛ ሆንሽ።

መርፌውን ሊቀበል እጁን እንደዘረጋ ነበር። ቀስ ብሎ፣ «ወይ መርፌውን ስጠኝ፣ ወይ ለደብዳቤዋ መልስ ስጠኝ» አለኝ። «ያ ሁሉ ሽማግሌ፣ አንድ ሰው እንኳ ተነሥቶ ተሳስታለች ሳይላት ሄደ። መልስ ከሌለው እኔ ምን ላድርግ?»

ይሄን ቃል ነው በርበሬ ውስጥ ቀብሬ የላክሁልሽ። ልጁ ያን ቀን ደጅ ላይ ቆሞ ሲያነብ እኛ የደም ሰው መስሎን ነበር። እሱ ግን እያነበበ መልስ የሚሰጠው ሰው ሲጠብቅ ኖሯል። እኔን ጨምሮ አንድም አልተገኘም። ጽሑፍሽ በረታብን። አንቺ ደግሞ ያን ያህል እንዲበረታ ያሰብሽ አይመስለኝም፤ ከሩቅ ሆነሽ ወንድምሽን ልቅበረው ብለሽ ነው የጻፍሽው፤ አፈሩን በእጅሽ አላለበስሽውምና።

እኔ መለስኩለት፣ አትጠራጠሪ። አሁን ለአንቺ የጻፍሁትን ሁሉ ነገርኩት። አንገቱን እየነቀነቀ ሰማኝና ስጨርስ ፊቴን ማየት ቀጠለ። የሚስቅበትን ቦታ እየጠበቀ ነበር። ሕይወቴን ሙሉ ሳሾፍ ኖሬ፣ አሁን የምሬን ስናገር ሰው መጨረሻው ምን ይሆን እያለ ነው የሚያዳምጠኝ። ስለዚህ ከእኔ አይሆንም። እሱን ያሰረው ያንቺ ቃል ነው፤ ሌላ ሰው ቢፈታው አልተፈታም።

ሽማግሌዎቹን ለምኜ አንድ ጊዜ እንዲመለሱ አድርጌያለሁ። ለዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ይመጣሉ። ሼህ ጀብሪል «ከዚያ ወዲያ ደጃችሁን አንረግጥም» ብለዋል፤ ሰውዬው የተናገሩትን ያደርጋሉ። ከዚያ በፊት ጻፊ። ለሽማግሌ አትጻፊ፣ ለእኔም አትጻፊ። «ለወንድሜ ለእንዳልካቸው» ብለሽ ጀምሪ። አሳምረሽ አትጻፊው። የፈለግሽውን ያህል ምክንያት ልትደረድሪ ትችያለሽ፤ ግን አንዷን ከሁሉ ፊት አድርጊያት፤ ከእሱ ሌላ ወንድም እንደሌለሽ ንገሪው። የመጀመሪያው ደብዳቤ ተሳስቷል ማለት አይጠበቅብሽም። ስለ አወቀ የጻፍሽው እውነት ነው፤ ይሄኛው ደግሞ ስለ እሱ ይሁን። ፎቶ አንስተሽ ላኪው፤ ኔትወርክ በመጣ ሰዓት ያገኘዋል። ብቻውን ያንብበው።

መርፌው እኔ ጋ ነው፤ አልሰጠሁትም፣ አልሰጥምም። ይሄ ግን አያሳርፍሽ። በዚህ አገር ጠመንጃ እንደ ወንፊት ነው፤ ከጎረቤት ይዋሳሉ። የጎረቤቱ ደግሞ መርፌ አለው። እኔም በየቤቱ እየዞርኩ መርፌ ስነቅል አልኖርም።

አብሽሪ፣ ልጄ። አሰሪዎችሽ ፊት ይህን ወረቀት ይዘሽ አትቁሚ፤ ሥራሽን ጨርሰሽ በርሽን ዘግተሽ አንብቢው። የምትበይው ይስማማሽ። የምትውይበት ቤት በር ስትገቢም ስትወጪም ክፍት ይሁንልሽ። የመድኃኔዓለም እጅ ከራስጌሽ አይለይ፤ የሼህ ጀብሪልም ዱዓ፣ ሲሰግዱ ፊታቸውን ወደዚያው ወዳለሽበት አገር ስለሚያዞሩ፣ ቶሎ ይድረስሽ። ፋሲካን በጤና ያድርስሽ፣ እኛንም በሙሉ ቁጥራችን ያድርሰን።

እናትሽ ሰላም ብላሻለች፤ «በደንብ ትብላ በልልኝ» አለች፣ ሌላ አልጨመረችም። ሰርካለም ሰላም ብላሻለች። ስመኝ ሰላም ብላሻለች፤ የላክሽላትን ቀሚስ ለብሳ ከብት ውሃ ልታጠጣ ሄዳ ምን አድርጋው እንደመጣች አልነግርሽም። ድሮ ደብዳቤ ስጽፍልሽ ያላየሁትንም ሰው ሰላምታ እየፈጠርኩ እጨምር ነበር፤ ወረቀቱ እንዲሞላ። እንዳልካቸው ግን ለአንቺ እንደምጽፍ አያውቅም። የእሱን ሰላምታ ከራሴ ፈጥሬ አልጽፍልሽም። ቦታውን ባዶ ትቼልሻለሁ፤ ራሱ ይሙላው።

የምወድሽ አጎትሽ
ይመር